በሩን ዘግታ የገባችው

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

እግሬ አብጧል። ጫማው ጠቦኝ ነው እንጂ እርጅና አይደለም... ይሁን እንጂ።

ዛሬ አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። የንባብ ክፍል ጥበቃ! በሃያ ሁለት ዓመት የማረሚያ ቤት ሥራዬ በር ጠብቄያለሁ፣ ማዕድ ቤት ጠብቄያለሁ፣ የታመመች እስረኛ ሆስፒታል ወስጄ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ውያለሁ። መጽሐፍ ሲነበብ ጠብቄ ግን አላውቅም። ኃላፊው «ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት» ሲሉኝ ለእግሬ ስል እሺ አልኩ።

ክፍሉ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ነበር። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አሥር ወንበር፣ ፍርግርግ ያለው መስኮት። መምህሩ ጡረታ የወጡ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ናቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጠረጴዛው ላይ ይፈልጉታል። ሴቶቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። በነጻ ነው የሚመጡት። ቤታቸው ቁጭ ቢሉ ምን ነበረበት?

ርዕሱ ደግሞ ይባስ! «ፍትሕና ቅጣት በጥንት መጻሕፍት»። እዚህ ቤት! ለዓሣ ስለ መረብ ማስተማር ማለት ይሄ አይደል?

አንድ የድሮ ታሪክ አነበቡላቸው። ሹመት ተሰጥቶት የአንዲት መበለት ቤት የነጠቀ ሰው። ነጥቆ አፍርሶ፣ በቦታው ትልቅ ቤት ሠራ። በምርቃቱ ቀን ጣሪያው ወደቀበት። እሱ ላይ ብቻ።

ጠበቃዋ እጇን አወጣች። (ጠበቃ አይደለችም፤ በስርቆት የገባች ናት። ክርክር ስለማይሰለቻት ነው ስሙ የወጣላት።) «ጋሼ፣ ጣሪያ የሚወድቀው መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው እንዴ? እኔን ያሳሰረኝ ሰውዬ ሦስት ፎቅ ሠርቶ በሰላም ይኖራል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

መምህሩ፣ «የጥንት ጸሐፊዎች ቅጣትን እንደ አዝመራ ነው የሚያዩት። የዘራ ያጭዳል። አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ እፎይ ብሎ እንዲተኛ ይፈልጋሉ» አሉ።

«እውነት ነው ወይ ታዲያ?»

«እኔ የመጣሁት እሱን እናንተን ልጠይቅ ነው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ አንድ ቃል አልተናገረችም። በባሏ ሞት አሥራ አራት ዓመት ተፈርዶባት ዘጠኙን ጨርሳለች። የስፌት ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። ዩኒፎርሜን ሁለት ጊዜ አስተካክላልኛለች። ሁለቱንም ጊዜ ማስፋት ነበር...

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዝናብ። የውጭ በር። ምንም የለም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ ታሪኩ የጀልባ ቀዛፊ ነበር። ተሳፋሪውን ገፍቶ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። ያየ የለም። የጠየቀ የለም። ግን እንቅልፍ አጣ። ውኃ ሊጠጣ ሲል የጣለው ሰው ፊት ይታየዋል። ከስቶ ጠቁሮ፣ በመጨረሻ በራሱ እግር ሄዶ ለዳኛው ተናገረ።

መምህሩ ይሄን ስለሚመስሉ መጻሕፍት ብዙ አወሩ። ዳኛው ሳይፈርድ ኅሊና ይፈርዳል፤ እስር ቤቱ ሰውየው ራሱ ውስጥ ነው... እንደዚህ ያለ ነገር። እኔም አምኜ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

«ውሸት ነው።»

ሰፊዋ ናት። ድምጿን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰማሁት።

«ይቅርታ ጋሼ። ይሄን የጻፈው ሰው ገድሎ አያውቅም። እኔ እዚህ የገባሁ ዕለት እንደ ሕፃን ነው የተኛሁት። በትዳሬ አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። በሩ ከውጭ ሲቆለፍ ሰማሁ። እንግዲህ አይገባም አልኩና ተኛሁ። መሞቱን አውቃለሁ እኮ። ሰውነቴ ግን ገና አላወቀም ነበር።»

ቀና ብላ ቀጠለች።

«ኅሊና ያሉት በሦስተኛው ዓመት ነው የመጣው። ቀስ ብሎ። ሳቁ ትዝ ይለኝ ጀመር። ይስቅ ነበር እኮ... አንዳንዴ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄን የጻፈ ሰው አላነበብኩም» አሉ።

የአመክሮ ጉዳይዋ ኅዳር ላይ ይታያል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዝገቧ ላይ አንድ ጥፋት የለባትም። ትወጣለች። መውጣትም አለባት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ታላቄ ሻይ ልትጠጣ መጣች። የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ በአራት ዓመት ስለምትበልጠኝና ሥራውን ያሳየችኝ እሷ ስለሆነች ታላቄ እላታለሁ። ባሌ ሲሞት ሦስት ወር ሙሉ ከራሷ ፈረቃ በላይ የኔን ሸፍናለች። የራሷ ባል ግማሽ ጎኑ አይታዘዝም፤ አንስታ አጥባ አልብሳ ነው ሥራ የምትመጣው። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቷታል።

በንባቡ ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ! በሚቀጥለው መነጽር በክር አንጠልጥለሽ እንዳትመጪ።»

«ደስ ይላል እኮ፤ አንድ ቀን ገብተሽ ስሚ።»

«እኔ? ስሚ የኔ እናት፣ ከነሱ ጋር መሳቅ ከጀመርሽ ቆጠራ ላይ ይስቁብሻል።»

ልጄ ከሥራ ስትገባ ሦስታችንም ስለ ሌላ ነገር እየሳቅን ነበር። ደህና ቀን።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ዛሬ በአደባባይ ስለሚፈጸም ቅጣት ነበር። መምህሩ ከአንድ በጣም አሮጌ መጽሐፍ አነበቡ። ጸሐፊው ለሚቀጣው ሰው የሰጠው አሥር መስመር ነው። አራት ገጽ ሙሉ የሚያወራው ስለ ተመልካቹ ነው። ዳቦ ስለሚሸጠው። ልጁን ትከሻው ላይ ስላወጣው አባት። ከኋላ ሆኖ አልታየኝም እያለ ስለሚገፋው።

«ለምን ይመስላችኋል?» አሉ መምህሩ።

እማማ፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው፣ «ጸሐፊውም ሊያይ ሄዶ ነዋ!» አለች።

መምህሩ ድንገት ወደኔ ዞሩ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ ጥበቃ ላይ ነኝ።»

ሳቁብኝ። በክፋት አይደለም።

ወደ ቤት ስመለስ ግን አልለቀቀኝም። እዚያ አደባባይ ላይ ብሆን የት ነበር የምቆመው? ከሚቀጡት መካከል አይደለሁም። ለማየትም አልሄድም። ገመዱን ይዞ «ወደ ኋላ በሉ፣ ወደ ኋላ በሉ» የሚል ሰው አለ አይደል? ጸሐፊው ስለ እሱ ምንም አላለም። እኔ እሱ ነኝ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከሰዓት የስፌት ክፍሉ በር ላይ ነበርኩ። ውስጥ ታላቄ ነበረች። አሥራ ሁለት መቀስ አለ፤ ሥራ ሲያበቃ ተቆጥሮ ሰሌዳው ላይ ይሰቀላል። ዛሬ አሥራ አንድ ሆነ። እንደገና ተቆጠረ። አሥራ አንድ። ባለፈው ሳምንት መርፌ ጠፍቶ ኃላፊው ታላቄን ሰው ፊት ተቆጥተዋት ነበር። ያ ንዴት አልበረደላትም። ሰፊዋን ጠራቻት።

«የክፍሉ መሪ አንቺ ነሽ። አምጪ።»

«እትዬ፣ እኔ ጋ የለም። እንፈልገው።»

«ልብስሽን አውልቂ።»

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«አውልቂ አልኩሽ!»

«መፈተሻ ክፍል ይውሰዱኝና እንደፈለጉ ይፈትሹኝ። እዚህ ግን አላወልቅም።»

በጥፊ መታቻት። ደገመቻት። ሦስተኛውን ስትሰነዝር ሰፊዋ ክንዷን ፊቷ ላይ አደረገች። አልገፋችም፣ አልመታችም። ዝም ብላ ተከለለች። የታላቄ እጅ ስቶ የስፌት መኪናው ብረት ላይ አረፈ። ጮኸች። አንጓዋ ወዲያው አበጠ።

መቀሱ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተገኘ። ከተቆረጠ ጨርቅ ጋር ተጠቅልሎ ኖሯል። የደበቀው የለም።

እኔ አራት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። ሁሉንም አየሁ።

ልንወጣ ስንል ታላቄ እጇ በፋሻ ታስሮ ወረቀት ይዛ መጣች። «እስረኛዋ መቀስ ደብቃ፣ ስትፈተሽ በጠባቂዋ ላይ ጥቃት አደረሰች» ይላል። ከሥር የምስክር ቦታ። ስሜ ተጽፏል።

«ፈርሚልኝ። ቶሎ በይ፣ ኃላፊው ሊወጡ ነው።»

ሳላነበው ፈረምኩ ብል ደስ ባለኝ። አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሰፊዋን የቅጣት ክፍል አስገቧት። ሃያ ቀን። ለብቻዋ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ልብስ አጠብኩ። ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩበት። ልጄ ቀምሳ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። እግሬን ነው አልኳት።

ቆይ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ታላቄን እምቢ ልበላት? እጇ አብጦ፣ እንባ ባይኗ ሞልቶ... ደግሞ የተጻፈው ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው? መቀስ ጠፍቷል። እጇ ተጎድቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

እንዲህ እያልኩ ነው እንግዲህ የምውለው።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ወንበሯ ባዶ ነበር። መምህሩ «ዛሬ አንዷ የለችም?» አሉ። ከዘጠኙ ሴቶች ስድስቱ ያን ቀን ስፌት ክፍል ነበሩ። ሁሉንም አይተዋል። የእስረኛ ምስክርነት ግን ማን ይሰማዋል? አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲስ መጽሐፍ ተጀመረ። አንዲት ሴት የመንደሩን ጉድጓድ በመርዝ በክላለች ተብላ ትከሰሳለች። ያደረገው ሌላ ሰው ነው። ጎረቤቷ በመስኮት አይታዋለች። ግን ወንጀለኛው ኃይለኛ ቤተሰብ አለው። ችሎቱ በሚጀመርበት ቀን መልእክተኛ መጥቶ ጎረቤቲቱን «ያየሽው ነገር አለ?» ሲላት መጽሐፉ የሚለው ይሄን ብቻ ነው፦ በሩን ዘግታ ገባች።

ከዚያ ስለ ዳኛው። ስለ ከሳሹ። ስለ ተከሳሿ፣ እስክትሞት ድረስ።

ጠበቃዋ እጇን ሳታወጣ ተናገረች። «ያቺ ጎረቤትስ? እሷ ምን ደረሰባት?» ጥያቄው ለመምህሩ ነበር። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር።

መምህሩ ገጾቹን አገላበጡ። «እ... ወደ በኋላ ትመጣ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር አላስታውስም።»

ሲጨርሱ ቀረብ ብዬ መጽሐፉን እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው። ከእጃቸው ወስጄ ከደብተሬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ጨረስኩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ። በሕይወቴ እንዲህ አንብቤ አላውቅም፤ በአውቶቡስ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። ጎረቤቲቱን ፍለጋ ነው። ታማ ይሆን? ጣሪያ ወድቆባት ይሆን? እንደ ጀልባ ቀዛፊው እንቅልፍ አጥታ ሄዳ ተናግራ ይሆን?

የለችም። ውሸታሙ ከሳሽ ይቀጣል። ዳኛው ያብዳል። መርዝ የጨመረው ሰው ከፈረስ ወድቆ ይሞታል። እሷ ግን ከዚያች መስመር በኋላ አንድም ቦታ የለችም። ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ የቀጣ ጸሐፊ እሷን እንዴት ረሳት?

ዛሬ ተረኛ ሆኜ የቅጣት ክፍሎቹ ጋ ነበርኩ። ውኃ አቀበልኳት። ፊቷ አብጦ የነበረው ጎድሏል። ቢጫ ሆኗል።

«እትዬ፣ ማክሰኞ አለፈ?»

«አለፈ። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«ምን ተነበበ?»

«አንድ የድሮ ፍርድ ነው።»

«ተፈረደባት?»

«ተፈረደባት።»

መስኮቷን ዘግቼ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄድኩ። እዚያ ነው የገባኝ። ሴት መሆኗን አልነገርኳትም ነበር እኮ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ታላቄ ጋ ሄድኩ። ባሏ ፀሐይ እንዲያገኘው መስኮቱ ጋ አስቀምጣዋለች። ደህናውን እጁን አንስቶ ሰላም አለኝ። እሷ በግራ እጇ ድንች ትልጣለች።

«ቃሌን ልቀይር ነው» አልኳት። ሌላ መግቢያ አላገኘሁለትም።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «የቱን ቃል?»

«አልመታችሽም። አልደበቀችም። አንቺ ነሽ የመታሻት።»

«እጄስ?»

«ብረት ላይ ነው ያረፈው። አይቻለሁ።»

ድንቹን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ባሏ እንዳይሰማ፣ «አውቃለሁ» አለች። «የመታኋት ዕለት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ልቤ አልቆ ነበር። ከእንቅልፌ የተነሳሁት ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እሱን ሳገላብጥ። ይሄን አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላው አያውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ሃያ ቀን ነው እኮ! ሃያ ቀን ምንድን ነው ለነሱ? ነፍስ አጥፍታ የገባች ሴት ናት።»

«ዘጠኝ ዓመት ጥፋት የለባትም። ኅዳር ላይ አመክሮዋ ይታያል። በዚህ ወረቀት ይቀርባታል። አምስት ዓመት ነው፣ ሃያ ቀን አይደለም።»

ይሄን አላሰበችውም ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት። ለአንድ አፍታ የኔ ታላቄ ተመልሳ መጣች። ከዚያ ባሏን አየች፤ ያቺ ታላቄ ተመልሳ ጠፋች።

«ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» አለች። «ባልሽ ሲሞት የት ነበርኩ? ንገሪኝ። የት ነበርኩ?»

«አጠገቤ።»

«እንግዲህ።»

ድንቹን መላጥ ጀመረች። ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው ያለቀስኩት።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ነገርኳቸው። ከጥፊው ጀምሮ እስከ ፊርማው።

«እርስዎ ግን ፈርመዋል።»

«ፈርሜያለሁ። ውሸት ነው የፈረምኩት።»

«ይሄ ራስዎን መክሰስ መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። መልሰው አነሱ። በመስኮት ወደ ግቢው አዩ። «ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁንም አልገባኝም።

ለልጄ አልነገርኳትም። ገና።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ሦስት ሰው ያለበት የዲሲፕሊን ኮሚቴ። ታላቄ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዩኒፎርሟን ተኩሳዋለች። ያንን በግራ እጇ እንዴት እንደተኮሰችው እያሰብኩ ጥያቄው አመለጠኝ።

«ይድገሙት» አልኳቸው።

«ለምን አሁን? መጀመሪያ ለምን ዝም አሉ?»

«መጽሐፍ አንብቤ» ልላቸው ነበር። አፈርኩ። «ስላየሁ ነው» አልኩ። «አይቼ ነበር። አሁንም ያየሁት ያው ነው።»

ታላቄን ጠየቋት። ልትክድ ትችል ነበር። የኔ ቃል ከሷ ቃል ጋር እኩል ነው፤ ያውም የሷ ዕድሜ ይበልጣል። አልካደችም። «እሷ ካለች ልክ ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ይሄን በየትኛው መጽሐፍ ይጽፉታል?

ከሰዓት ሰፊዋን ከቅጣት ክፍል አወጧት።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ንባብ ነበር። መጣች። ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ስላላየች ዓይኗ ይጠባል። ሴቶቹ አንድ በአንድ በአጠገቧ ሲያልፉ ትከሻዋን ነካ አደረጉ። እኔ ማስቆም ነበረብኝ፤ መነካካት አይፈቀድም። አላስቆምኩም።

ሲያበቃ ወደ ኋላ ቀረች። ልታመሰግነኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ለምን እዋሻለሁ፣ እዚህ የሚያነብ የለ። አሰብኩ። መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር፤ «ግዴታዬ ነው» ልላት።

«አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ» አለች። «አንቺ ያየሽው በመጀመሪያው ቀን ነው።»

አንቺ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እርስዎ ስትለኝ ኖራ።

ጠረጴዛው ላይ የቀረ ወረቀት ሰበሰብኩ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

የአመክሮ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ስሟ የለም። የክሱ ወረቀት ከመዝገቧ የወጣው ዝርዝሩ ከተላከ በኋላ ነው። ቀጣዩ ሚያዝያ ላይ ነው። ኃላፊውን «ለአመክሮ ቦርዱ በስልክ ቢነግሯቸውስ?» አልኳቸው። «ሕግ በስልክ አይሠራም» አሉኝ።

አምስት ወር። ይሄ የኔ ነው። ታላቄ ጥፊውን ሰጠቻት፤ እኔ አምስት ወር ሰጠኋት።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ውሳኔው መጣ። ታላቄ ከደረጃዋ ዝቅ ብላ ወደ ንብረት ክፍል። ጡረታዋ አልተነካም፤ ተመስገን። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የአንድ ዓመት የደረጃ እገዳ፣ ምደባ የውጭ በር። ከነገ ጀምሮ። ነገ ማክሰኞ ነው... የንባብ ክፍሉን ሌላ ሰው ይጠብቀዋል።

«የሚሉት አለ?» አሉኝ።

«የለም። ተገቢ ነው።»

መቀጣት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠባብ ነው። ሁለት አንቀጽ። ሥራ የሠራሁበትን ዕድሜ ሁሉ እዚያ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ለልጄ ነገርኳት። ሁሉንም። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነገር ስትሰማ ፊቷ አይለወጥም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጎሽ እማዬ፣ ተናገርሽ» ትለኛለች ብዬ ነበር።

«መጀመሪያ ለምን ፈረምሽ?» አለችኝ።

ታላቄ ስለሆነች አልኳት። ፈርቼ ነው አልኳት። ቸኩላ ነበር አልኳት። አንዱም አልበቃም። ልጄ ተነስታ ሳህኑን አጠበች። እኔ አደረቅኩ። ያም ቢሆን ደህና ነበር። አጠገቤ ቆማ ነበር።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

በር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። የመምህሩን ቦርሳ የምፈትሸው አሁን እኔ ነኝ። መጽሐፍ፣ መጽሐፍ፣ ግማሽ ብስኩት፣ መጽሐፍ። መነጽራቸውን ቦርሳው ውስጥ አብረን ፈለግን፤ አንገታቸው ላይ ነበር።

«ያቺን ጎረቤት አጣኋት» አልኳቸው። «እስከ መጨረሻው ፈልጌ።»

«አርባ ዓመት አስተማርኩት» አሉ፤ «አንድም ቀን ስለ እሷ ጠይቄ አላውቅም። ያቺ ልጅ ስትጠይቀኝ ነው ያፈርኩት።» ከዚያ ነገሩኝ። ሴቶቹን «እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ለጎረቤቲቱ ምን ትፈርዳላችሁ?» ብለው አጽፈዋቸዋል። ጠበቃዋ ሦስት ገጽ ጽፋ ዕድሜ ልክ ፈረደችባት። እማማ «አሮጊት ከሆነች ተዉአት» ብላለች።

«ሰፊዋስ?» አልኩ። ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

«ባዶ ወረቀት ነው የመለሰችልኝ። ገና እያሰብኩ ነው አለችኝ።»

መጋቢት 6፣ እሑድ

ዳቦ ገዝቼ ታላቄ ጋ ሄድኩ። በሩን ከፈተች። እጇ ድኗል።

«ልጅሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ደግ።»

ዳቦውን ተቀበለችኝ። ግቢ አላለችኝም። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆምኩና ወረድኩ። ተቀበለችኝ እኮ፣ እያልኩ ነው ቤቴ የደረስኩት። መልሳ ልትሰጠኝም ትችል ነበር።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ተፈቀደላት። ስሟን በዓይኔ አየሁት። ዝርዝሩን የለጠፉት የኔ በር አጠገብ ነው።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ወጣች።

አራት ሰዓት ላይ ነው። አጅበው እስከ በሩ አመጧት። የሚወጣ እስረኛ ንብረት የምታስረክበው የበር ተረኛ ናት፤ እኔ ማለት ነው። አንድ የጨርቅ ቦርሳ። የቆመ የእጅ ሰዓት። የማይሆናት ጫማ። ቀሚስ። ቀሚሱን ዘርግታ ስፌቱን አገላብጣ አየችው። «ማነው እንዲህ የሰፋው?» አለች ለራሷ። ኋላ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ራሷ ነች።

ፈረመች። በሩን ከፈትኩላት። ወጣች።

አልሄደችም። ከበሩ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። የምትቀበላት እህቷ ከሩቅ ከተማ ነው የምትመጣው፤ አውቶቡስ ተራ ነው የሚገናኙት። የአውቶቡሱ ፌርማታ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። መንገዱ እሷ ስትገባ እንዲህ አልነበረም። አሁን ስድስት መኪና ጎን ለጎን ይሄድበታል። አንድ እግሯን ታወርዳለች፣ ትመልሳለች። ታወርዳለች፣ ትመልሳለች። የጨርቅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

ለባልደረባዬ «በሩን ያዢልኝ» አልኳትና ወጣሁ።

አጠገቧ ስደርስ ክርኗን ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ሸሸች።

«አትያዢኝ።»

እጄን መለስኩ።

«አጠገቤ ሁኚ ግን» አለች።

ጎን ለጎን ቆምን። መኪናው ጋብ እስኪል ጠበቅን። «አሁን» አልኳት። ተሻገርን። መሃል ላይ ስንደርስ አንዱ ጡሩምባ ነፋባት፤ ደንግጣ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ሹፌሩ ሰደበን። ሁለታችንንም አንድ ላይ። ቀጠልን።

ፌርማታው ጋ ደርሰን የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ አሳየኋት። መሄድ ነበረብኝ፤ በሩን ለቅቄ ነው የመጣሁት። አልሄድኩም። ሰባት ወር አፌ ውስጥ የከረመ ነገር ነበር።

«ያን ቀን አይቼ ነው የፈረምኩት» አልኳት። «ሳላነብ አይደለም። አንብቤ ነው። ይቅርታ።»

መንገዱን እያየች ነበር። በጥንት መጽሐፍ ቢሆን እዚህ ላይ ተቃቅፈን እናለቅስ ነበር። ወይም ረግማኝ ትሄድ ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለች።

ይቅር ብያለሁ አላለችም። ሰምቻለሁ ነው ያለችው። ዞራም አየችኝ፤ ዓይኔን።

አውቶቡሱ መጣ። ተሳፈረች። መስኮቱ ጋ ቦታ ስታገኝ አየሁ። ቦርሳውን ጭኗ ላይ አደረገችና ፊቷን ወደ ፊት መለሰች።

ወደ በሬ ተመለስኩ። የጠያቂዎች ሰልፍ እስከ ግንቡ ጥግ ደርሷል። ከፊት የነበሩት ሴትዮ ቦርሳቸውን ከፍተው፣ ፈትሺኝ ብለው፣ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።